በብሉ ሬይ ለሚወጣ የፎቶ ስላይድ ሾው የትኛውን ሶፍትዌር እንምረጥ?

ማኅደር ሠሪ (አራት ኪሎ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። አንድ ቤተሰብ ጠይቆኝ ወደ 40 ደቂቃ የሚፈጅ የፎቶ ስላይድ ሾው በብሉ ሬይ ዲስክ ላዘጋጅ ነው። ከፎቶዎቹ ከፊሎቹ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ፎቶ ቤት የታተሙ ጥቁርና ነጭ ሲሆኑ፣ የቀሩት በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሡ የቅርብ ጊዜ የሠርግና የመልስ ፎቶዎች ናቸው። ዲስኩ ሲባዛ አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ ለአያቶቹ ይሰጣል፣ አንዱ ለንደን ላለችው ልጃቸው ይላካል፣ የቀሩት ቅጂዎች ደግሞ ሜሪላንድ ላሉት ዘመዶች ይሄዳሉ።

እስካሁን ይህን መሰል ሥራ የምሠራው በፕሮሾው ፕሮዲዩሰር ነበር። እንደምታውቁት አዘጋጁ ፎቶዴክስ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2020 ሥራውን ስላቆመ ከእንግዲህ ማሻሻያም ሆነ ድጋፍ አይጠበቅም። በምትኩ ምን ልያዝ? የምፈልገው የምስሉ ጥራት ከሁሉም በላይ የሆነበት፣ እንቅስቃሴው የማይንቀጠቀጥ፣ በአማርኛ ርዕስ መጻፍ የሚያስችል፣ ከተቻለም በዶላር በየወሩ የማያስከፍል ሶፍትዌር ነው።

ታዛቢ

በቅድሚያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚህ ዘመን ብሉ ሬይ ማን ያጫውታል? በኤምፒ4 አውጥተው በፍላሽ ቢሰጧቸው ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰክተው ያዩታል፤ ድካሙም ወጪውም ይቀንሳል።

ማኅደር ሠሪ (አራት ኪሎ)

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ፍላሹንም አብሬ እሰጣለሁ። ዲስኩን የጠየቁት ግን ራሳቸው ናቸው። ማጫወቻው በሦስቱም አገር ቤታቸው አለ። አንድ ጊዜ የተጻፈ ዲስክ ላይ ማንም ሌላ ነገር ሊደርብበት እንደማይችልም ያውቃሉ። ፍላሹን ልጆች ዘፈን ይጭኑበታል። ስለዚህ ዲስኩ ይቅር ወይ የሚለውን ትተን እንዴት ጥሩ አድርገን እንሥራው በሚለው ላይ ብንወያይ ደስ ይለኛል።

የካዛንቺሱ አርታኢ

ማኅደር ሠሪ፣ ነገሩን ከሶፍትዌሩ ስም ሳይሆን ዲስኩ ከሚታይበት አገር ቢጀምሩት ይሻላል፤ ምርጫዎን የሚወስነው እሱ ነው።

የብሉ ሬይ ደንብ በ1920 በ1080 ፒክስል መጠን የሚቀበላቸው የፍሬም ፍጥነቶች፣ ማለትም በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች ብዛት፣ ጥቂት ናቸው። አንደኛው በሰከንድ 24 ወይም 23.976 ሙሉ ፍሬም ነው። ሁለተኛው ኢንተርሌስድ የሚባለው ሲሆን፣ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ያላቸው መስመሮች እየተፈራረቁ በሰከንድ 50 ወይም 59.94 ግማሽ ምስል ሆነው ይወጣሉ። ስልካችንና ዩቲዩብ ያስለመዱን በሰከንድ 30 ወይም 60 ሙሉ ፍሬም በዚህ መጠን ከመደበኛው ብሉ ሬይ ደንብ ውስጥ የለም። በሰከንድ 50 ሙሉ ፍሬም የግድ ያስፈልገኛል የሚል ሰው ወደ 1280 በ720 መውረድ አለበት፤ ያ ደግሞ ለፎቶ ሥራ ከግማሽ በላይ ፒክስል መጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ቅጂዎች እንምጣ። እዚህም ሆነ ለንደን የኤሌክትሪኩም የቴሌቪዥኑም ልማድ 50 ኸርዝ ስለሆነ በ50 ግማሽ ምስል የተሠራ ዲስክ ያለ ችግር ይታያል። አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት ማጫወቻዎችና ቴሌቪዥኖች ግን ብዙዎቹ 50 ኸርዝ አይቀበሉም፤ ሜሪላንድ የደረሰው ዲስክ ሊነበብ እየቻለ ምስል ላያሳይ ይችላል። በ24 ፍሬም የተሠራ ዲስክ ግን በሦስቱም አገር ይሠራል። የሪጅን ኮድ (ዲስኩ በተወሰነ አካባቢ በተሸጠ ማጫወቻ ላይ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ገደብ) ነገር አያሳስብዎት፤ እኛ ራሳችን በምንጽፈው ዲስክ ላይ ካልጨመርነው በቀር የለም። ኤኤሲኤስ የሚባለው ቅጂ መከላከያ መቆለፊያም ግዴታ የሚሆነው በፋብሪካ ለሚታተሙ ዲስኮች ነው።

ስለዚህ አንድ ማስተር (ሌሎቹ ዲስኮች የሚባዙበት ዋና ቅጂ) ብቻ ለመሥራት ካሰቡ 24 ፍሬም ይያዙ። ከዚያ በኋላ ሥራውን በሦስት ይክፈሉት፦ ፎቶዎቹን የሚያቀናብረው ሶፍትዌር፣ ቪዲዮውን በብሉ ሬይ ደንብ የሚጨምቀው ኤንኮደር፣ የዲስኩን መዋቅርና ማውጫ (ሜኑ) የሚሠራው ኦተሪንግ ሶፍትዌር። ፕሮሾው ሦስቱንም በአንድ ቁልፍ ይሠራልን ስለነበር ሦስት መሆናቸውን ረስተናል። አሁን ገበያው ውስጥ ሦስቱንም በእኩል ጥራት የሚሠራ አንድ ሶፍትዌር ከመፈለግ ለየሥራው የሚበጀውን መምረጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስታዲየም ዙሪያ

በአርታኢው ሐሳብ በአመዛኙ እስማማለሁ፤ 24 ፍሬም ይያዙ የሚለው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ስላይድ ሾው ፊልም አይደለም። በፊልም ውስጥ ካሜራው ሲዞር ምስሉ በተፈጥሮው ስለሚደበዝዝ ዓይን ዝላዩን አያስተውለውም፤ ፎቶ ግን እየተንቀሳቀሰም እያንዳንዱ ፍሬም ላይ ጥርት እንዳለ ነው። በዚያ ላይ በሰከንድ 24 ጊዜ ብቻ ሲቀየር ወደ ጎን የሚሄድ ፎቶ ሲንገጫገጭ በግልጽ ይታያል። ከ50 ግማሽ ምስል ጋር ጎን ለጎን አድርገው ያነጻጽሩት፤ ልዩነቱን ማንም ሰው ያየዋል። ለአገር ቤትና ለለንደን በ50፣ ለአሜሪካ በ59.94 ሁለት ማስተር ማውጣት ያን ያህል ከባድ አይደለም።

ነጠላና ጥበብ

እኔ የሠርግ አልበምና ስላይድ ሾው ነው የምሠራው፤ ከተሞክሮዬ ልጨምር። ወንድማችን ስታዲየም ዙሪያ ስለ እንቅስቃሴው ያለው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ኢንተርሌስድ ሲሆን የሚመጣውን ሌላ ጣጣ አላነሣም። የሐበሻ ቀሚስ ጥበብ ያለበትን ፎቶ አስቡት። በቀሚሱ ጫፍ ላይ ያሉት አግድም ክሮች እያንዳንዳቸው በስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ያህል ይቀጥናሉ። አንዱ ክር በአንደኛው ግማሽ ምስል ላይ ይታይና በሚቀጥለው ይጠፋል፤ ውጤቱ ሙሽራዋ ቆማ ቀሚሷ ብቻ ሲርገበገብ ማየት ነው። ከእንጦጦ ወደ ታች የተነሣ የቆርቆሮ ጣሪያ ፎቶም እንዲሁ ይሆናል። መፍትሔው ፎቶውን ወደ ላይና ወደ ታች በጥቂቱ ማደብዘዝ ነው፤ ጥራት ፍለጋ ብሉ ሬይ ውስጥ ገብቶ ፎቶን ማደብዘዝ ግን እኔን አይዋጥልኝም።

ስለ አማርኛ ርዕስ ለጠየቁት፦ ዩኒኮድን (የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር የሚጻፉበትን ደንብ) በደንብ የማያውቁ የቆዩ ስላይድ ሾው ሶፍትዌሮች በፊደላችን ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። እኔ ርዕሱን በሶፍትዌሩ ውስጥ ጨርሶ አልጽፍም። በፎቶሾፕ ወይም በነፃው ጊምፕ በ1920 በ1080 መጠን ጀርባው ግልጽ በሆነ ፒኤንጂ ሠርቼ እንደ ማንኛውም ፎቶ ከላይ እደርበዋለሁ። የዲስኩን ማውጫም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ጽሑፉ የጀርባው ምስል አካል ይሆንና ከሶፍትዌሩ የምጠቀመው የሚመረጠውን ቁልፍ ብቻ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የመጣው ኒያላ የሚያምር ፊደል ቢሆንም ቀጫጭን ጭረቶቹ በቴሌቪዥን ላይ ይሳሳሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በደማቁ ቢጠቀሙ ከሶፋ ላይ ሆነው አያቶቹም ያነቡታል።

የካዛንቺሱ አርታኢ

እህቴ ነጠላና ጥበብ ስለ ቀሚሱ የተናገሩት በቂ ነው፤ እኔም 24ን የመረጥሁበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ስታዲየም ዙሪያ ያነሡት መንገጫገጭ ደግሞ በአብዛኛው በእኛ እጅ ያለ ነገር ነው። በ24 ፍሬም ፎቶን ወደ ጎን በፍጥነት መጎተት አያስፈልግም። ቀስ ያለ ማጉላትና ማሳነስ፣ በዚያም ላይ ሲነሣና ሲቆም ለስለስ እንዲል ማድረግ ይበቃል።

እዚህ ላይ ነው የሶፍትዌሩ ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው። ቁጥሩን እንየው። አንድ ፎቶ በ6 ሰከንድ ውስጥ በ10 በመቶ ቢጎላ፣ የፎቶው ጫፍ ከመሃል ወደ ውጭ የሚጓዘው 96 ፒክስል ነው። 6 ሰከንድ 144 ፍሬም ስለሆነ በየፍሬሙ የሚደርሰው ከአንድ ፒክስል ያነሰ፣ 0.67 ገደማ ነው። ቦታውን በፒክስል ክፍልፋይ የሚያሰላ ሶፍትዌር ይህን ለስላሳ አድርጎ ያሳየዋል። ወደ ሙሉ ፒክስል የሚያጠጋጋው ግን አንድ ፍሬም ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ላይ ይቆማል፣ እንደገና ይንቀሳቀሳል፤ ፎቶው ብርድ እንደ መታው ሰው ይንቀጠቀጣል። ይህ እንከን ከፍሬም ፍጥነት ጋር ይምታታል እንጂ ምንጩ ሌላ ነው፤ ወደ 50 ቢሄዱም አይድንም። ሶፍትዌር ሲፈትሹ በማስታወቂያው ላይ የተደረደሩትን መቶ ዓይነት ትራንዚሽኖች (ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው መሸጋገሪያዎች) ትተው አንድ ቀጫጭን መስመር ያለበት ፎቶ በዝግታ አጉልተው ይመልከቱ።

ለቅንብሩ የምመክረው ዳቪንቺ ሪዞልቭን ነው። የብላክማጂክ ዲዛይን ምርት ነው፤ ነፃው ቅጂ እስከ 3840 በ2160 ያወጣል፣ የውሃ ምልክትም አይጨምርም፣ ዳይናሚክ ዙም በሚባለው መሣሪያውም ማጉላቱን ያለ ብዙ ድካም ይሠራል። ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ እንደሚፈልግ ግን ከወዲሁ ይወቁት። ብሉ ሬይ ዲስክም አይሠራም፤ ሥራው ቪዲዮውን አውጥቶ መስጠት ብቻ ነው።

የፕሮሾውን አሠራር የሚወድ ሰው ደግሞ ፒቲኢ ኤቪ ስቱዲዮን ይየው። ድሮ ፒክቸርስ ቱ ኤክሲ ይባል የነበረው ነው፤ ለፎቶ ሰዎች ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ከጠቅላላ የቪዲዮ ኤዲተሮች ይልቅ ለፎቶ አንሺ እጅ ይቀርባል። በክፍያ ነው።

ታዛቢ

አዶቢ ፕሪሚየር ያለውስ? አብዛኛው ስቱዲዮ የሚጠቀመው እሱን ነው።

የካዛንቺሱ አርታኢ

ለቅንብሩ ምንም አይጎድለውም፤ በፒክስል ክፍልፋይ ያሰላል፣ ለብሉ ሬይ የሚሆን ፋይልም ማውጣት ይችላል። የጎደለው የዲስኩ ክፍል ነው። ዲስክ ይሠራ የነበረው አዶቢ ኤንኮር እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ሲኤስ6 በኋላ አልቀጠለም። ስለዚህ ፕሪሚየር ያለውም ሪዞልቭ ያለውም እዚያው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ኦተሪንግ ሶፍትዌር መፈለጋቸው አይቀርም።

ለእሱ ሁለት መንገድ አለ። ማውጫና ምዕራፍ መምረጫ ያለው ዲስክ ከተፈለገ የጃፓኑ ፔጋሲስ የሚያዘጋጀው ቲኤምፒጂኢንክ ኦተሪንግ ወርክስ ጥሩ ነው፤ ያስገቡት ፋይል ደንቡን የጠበቀ ከሆነ እንደገና ሳይጨምቅ ያልፈዋል፣ ይህ ደግሞ ለጥራት ትልቅ ነገር ነው። ማውጫ የማያስፈልግ ከሆነ ነፃው ቲኤስመክሰር ቢዲኤምቪ የሚባለውን የብሉ ሬይ ዲስክ ፎልደር ከነምዕራፉ ይሠራል፣ ኢምግበርን ደግሞ በዲስኩ ላይ ይጽፈዋል። ዲስኩ ሲከተት በቀጥታ ይጀምራል፤ ለአያቶች እንደ እውነቱ ከሆነ ይህ ይሻላል።

ማኅደር ሠሪ (አራት ኪሎ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 24 ፍሬም፣ በሪዞልቭ፣ ያለ ማውጫ ብሎ መወሰን አሁን ቀሎኛል። ሦስት ነገር ይቀረኛል። የፎቶዎቹን መጠን ከማስገባቴ በፊት ልቀንሰው ወይስ እንዳለ ላስገባው? የድሮዎቹን ፎቶዎች በስንት ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ባሉ ነጥቦች ብዛት) ልቃኛቸው፣ ማለትም ስካን ላድርጋቸው? ኤንኮድ ሳደርግስ ምን ልጠንቀቅ? ወደ 40 ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ ሬንደር እያደረግሁ (ኮምፒውተሩ ቅንብሩን ወደ ቪዲዮ ፋይል እየቀየረ) ሳለ መብራት ቢሄድስ የሚለውም ያስጨንቀኛል።

ነጠላና ጥበብ

ስለ መጠኑና ስለ ቅኝቱ እኔ ልመልስ። 6000 በ4000 የሆነውን ፎቶ ወደ 3840 በ2560 ቢያወርዱት ኮምፒውተሩም ይቀልለዋል፣ እስከ ሁለት እጥፍ ለማጉላትም በቂ ፒክስል ይቀርልዎታል። አወራረዱን ግን ጥሩ ማሳነሻ ባለው የፎቶ ሶፍትዌር ይሥሩት፤ ከመጠን በላይ ትልቅ ፎቶ በቪዲዮ ኤዲተር ውስጥ በጥድፊያ ሲያንስ ጥበቡና ቆርቆሮው በ24 ሙሉ ፍሬምም ቢሆን መርገብገቡ አይቀርም። ፎቶው አዶቢ አርጂቢ በሚባለው ሰፊ የቀለም ክልል የተቀመጠ ከሆነ መጀመሪያ ወደተለመደው ኤስአርጂቢ ይለውጡት፤ ካልሆነ የሰው ፊት አመድ የነፋበት መስሎ ይወጣል።

10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ኅትመት በ300 ዲፒአይ ሲቃኝ 1772 በ1181 ፒክስል ገደማ ነው፤ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ይሞላል፣ ለማጉላት ግን ምንም ትርፍ የለውም። በ600 ይቃኙት። ከዚያ በላይ መሄድ የሚያወጣው የወረቀቱን ቃጫ ነው፤ ፎቶው ራሱ ያንን ያህል ዝርዝር አልያዘም። ጉርድ ፎቶ ከሆነ ግን ትንሽ ስለሆነ 1200 ተገቢ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የካሜራ ፎቶ ስፋትና ቁመቱ 3 በ2 ሲሆን ስክሪኑ 16 በ9 ነው። ስክሪኑን ለመሙላት ከፎቶው ቁመት 15 በመቶ ያህል መቁረጥ ይኖርብዎታል። ሶፍትዌሩ በራሱ ሲቆርጥ መሃሉን ይዞ ላይና ታቹን ይጥላል፤ የሚጠፋው ደግሞ የአባትየው ባርኔጣ ወይም የሕፃኑ እግር ነው። የቡድን ፎቶዎችን አንድ በአንድ እየተመለከቱ ራስዎ ይወስኑ። የቁም ፎቶዎችን ጎንና ጎን ጥቁር ትቶ በሙሉ ቁመታቸው ማሳየትም ነውር የለውም። ጀርባ ላይ የዚያኑ ፎቶ የደበዘዘ ቅጂ መዘርጋት ፋሽን ሆኗል፤ እኔ አልወደውም፣ የደንበኛ ምርጫ ግን ነው።

የካዛንቺሱ አርታኢ

ስለ ኤንኮዱ፦ ከሪዞልቭ የሚያወጡት ፋይል በቀጥታ ዲስኩ ላይ የሚሄደው አይሁን። ዲኤንኤክስኤችአርን በመሰለ ብዙም በማይጨምቅ ዓይነት ያውጡትና በኋላ ኤክስ264 በሚባለው ነፃ ኤንኮደር ይጭመቁት። ኤክስ264 ለብሉ ሬይ የተዘጋጀ የራሱ ማስተካከያ አለው። ደረጃው 4.1፣ የቢትሬቱ (በየሰከንዱ የሚያልፈው መረጃ መጠን) ጣሪያ በሰከንድ 40 ሜጋቢት፣ ምስሉ በአራት ቁራጭ የተከፈለ፣ በሁለት ቁልፍ ፍሬሞች (ሌላ ፍሬም ሳይጠቅሱ ሙሉ ምስል በያዙ ፍሬሞች) መካከል ያለው ርቀትም ከአንድ ሰከንድ የማይበልጥ መሆን አለበት። እነዚህን ያልጠበቀ ፋይል ኮምፒውተር ላይ ያለምንም ችግር ይታይና ማጫወቻው ላይ ይቆማል።

አማካዩን 30 ሜጋቢት ቢያደርጉት 40 ደቂቃው 9 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ባለ 25 ጊጋባይቱ ዲስክ ከግማሽ በላዩ ባዶ ይቀራል። በግራፊክስ ካርድ የሚሠራው ፈጣን ኤንኮድ አያጓጓዎ። ሥራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈጅ ምን ቸገረን? የብሉ ሬይ ቀለም 8 ቢት በመሆኑ ጥርት ባለ ሰማይ ወይም በፎቶ ቤት ግራጫ ግድግዳ ላይ እርከን እርከን የሆነ መስመር ሊወጣ ይችላል። እጅግ ቀጭን የፊልም ግሬይን (የፊልም ፎቶ ላይ የሚታየውን ዓይነት ደቃቅ ነጠብጣብ) ቢጨምሩበት ይሸፈናል፤ በተለይ ለጥቁርና ነጮቹ።

ድምፁን አይርሱት። ኤምፒ3ም ሆነ ኤኤሲ በብሉ ሬይ ደንብ ተቀባይነት የላቸውም። ከሲዲ የመጣ ሙዚቃ 44.1 ኪሎኸርዝ ስለሆነ ወደ 48 ለውጠው ያልተጨመቀ ኤልፒሲኤም ወይም ዶልቢ ዲጂታል ያድርጉት።

የመብራቱ ነገር ሁላችንንም የሚመለከት ነው። 40 ደቂቃውን በአንድ ትንፋሽ ሬንደር አያድርጉ፤ በየምዕራፉ ከፍለው ያውጡና በመጨረሻ ይገጣጥሙት። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው አንዱ ምዕራፍ ብቻ ይሆናል። ዲስኩ በሚጻፍበት ሰዓት ግን ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ወይም ላፕቶፕ ላይ ካልሆነ ዲስኩን ያበላሹታል።

ስታዲየም ዙሪያ

አሁንም ቢሆን 50 ይሻላል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ወደ ሦስት አገር ለሚሄድ አንድ ማስተር 24 መሆኑን እቀበላለሁ። ሥራው እዚሁ አገር ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ በተለይም ረጃጅም የመልክዓ ምድር ፎቶዎችን ከግራ ወደ ቀኝ ማሳየት ለሚፈልግ ሰው፣ በሪዞልቭ በ50 ሙሉ ፍሬም አውጥቶ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነፃ የቪዲዮ መለወጫ ወደ ኢንተርሌስድ መለወጥ ይቻላል። የእሱ ማጣሪያ ሲለውጥ ቀጫጭን መስመሮችን በመጠኑ ስለሚያለሰልስ እህታችን የፈሩት የቀሚሱ መርገብገብ ይቀንሳል።

ማኅደር ሠሪ (አራት ኪሎ)

ይህ ለሚቀጥለው ሥራዬ ይሆናል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ዲስኩን ሳላባክን እንዴት ልሞክር? የትኛውን ዓይነት ባዶ ዲስክስ ልግዛ? ሶኒ መጻፊያ ብሉ ሬይ ማምረቱን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ማቆሙን ስሰማ ገበያው ውስጥ የቀረው ምን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

የካዛንቺሱ አርታኢ

ሶኒ ቢያቆምም ቬርባቲም አሁንም በገበያው አለ፤ መጥፋት ገና አልጠፋም። ለሙከራ ደጋግሞ የሚጻፍበትን ቢዲ-አርኢ አንድ ይግዙ፤ እያጠፉ ይሞክሩበታል። ሙከራውን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ከቴሌቪዥን ጋር በተገናኘ ማጫወቻ ላይ ያድርጉ፤ ቢቻል የአያቶቹ ማጫወቻ ላይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የቆየው እሱ ሳይሆን አይቀርም። አዲስ ማጫወቻ የሚታገሰውን የቆየው አይታገስም።

ለዋናው ቅጂ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበትን ቢዲ-አር ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ኤልቲኤች የሚል ካለበት ይተዉት። ኤልቲኤች የሚጻፍበት ንብርብር እንደ ሲዲና ዲቪዲው ኦርጋኒክ ቀለም ሲሆን፣ የቆዩ ማጫወቻዎችም አንዳንድ ጊዜ አይቀበሉትም፤ መደበኛው ኤችቲኤል ግን ኦርጋኒክ ያልሆነ ንብርብር ስላለው ለማኅደር ይመረጣል። ጽሕፈቱን ዲስኩ ከሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ዝቅ አድርገው ያስጀምሩት፣ ኢምግበርን ላይ የፋይል ሥርዓቱ ዩዲኤፍ 2.50 መሆኑን ያረጋግጡ፣ ከተጻፈ በኋላም ቬሪፋይ የሚለውን (የተጻፈው ትክክል መሆኑን ማረጋገጫ) ሳያስደርጉ ከድራይቩ አያውጡት። የሚለጠፍ ወረቀት ዲስኩ ላይ አይለጥፉ፤ ሚዛኑን ያዛባዋል። የቤተሰቡን ስም ለሲዲ በተሠራ ማርከር ከላይ ይጻፉበት፤ የሜሪላንዶቹን ጠንካራ መያዣ ውስጥ ከትተው ይላኩ።